የጭላሎ ዳገትና የሜዳው ታሪክ

አሰላ የተቀመጠችው በጭላሎ ተራራ እግር ሥር ነው። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ በአስፋልት ተጉዞ ከተማዋ የደረሰ ሰው 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ቆሟል፤ የተራራው ጫፍ ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ሰማዩ በጠራ የበጋ ጠዋት ከላይኛው ሸንተረር ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው የስምጥ ሸለቆውን ወለልና የዝዋይን ሐይቅ ከነደሴቶቹ ከሥሩ ተዘርግተው ያያቸዋል። ባሕር በሌለው አገር ከዚህ የሚበልጥ የውኃ ዕይታ ጥቂት ነው። ይህን ብሎ ዳገቱን የሚወጣ መንገደኛ ግን እምብዛም የለም፤ ሰሜንና ባሌ ጎብኚ ሲቀበሉ ጭላሎ ሰው ያልደረሰበት ተራራ እየተባለ ይታለፋል። አባባሉ ትክክል አይመስለኝም። ጭላሎ እግር ተለይቶት አያውቅም። ሰውም ከብትም ወጥቶበታል፤ ያወጣቸው ግን ሜዳው ላይ የተደረገው ነገር ነው። ስለዚህ የዳገቱን መልክ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው የሜዳውን የመሬት ታሪክ ማወቅ አለበት።

ማስረጃው ከአቀበቱ ራሱ ይጀምራል። ከታች ስንዴው ለጥ ባለው መሬት ላይ ይንጣለላል። ከፍ ሲል ማሳው እየጠበበ፣ ቁልቁለቱም እየጨመረ ይሄድና ገብስ ስንዴውን ይተካል፤ በየደጁ ባሕር ዛፍ ይታያል። ከ3,000 ሜትር በላይ ውርጭ እያስፈራውም ገብስ የሚዘራ ገበሬ አለ። ከዚያ በኋላ ነው አስታው፣ ከአስታውም በላይ ሣሩና ጅብራው የሚመጣው። ይህ ቅደም ተከተል የአየር ንብረት ሥራ ብቻ ነው እንዳይባል፣ እርሻው አስታው ውስጥ ገብቶ የሚያልቅበት ጠርዝ አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ጋ ወደ ላይ ዘልቆ ሌላው ጋ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ውርጭ እንዲህ የተቆራረጠ ድንበር አያሰምርም፤ እንዲህ ያለውን ጠርዝ የሚያበጀው ሰው ነው።

አርሲ ኦሮሞ በዚህ ምድር በዋነኛነት ከብት አርቢ ነበር፤ ለአርቢ ደግሞ ቆላና ደጋ በየወቅቱ የሚፈራረቁ የአንድ ግጦሽ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ይህን ሥርዓት የሰበረው የመጀመሪያው ኃይል ጦርነት ነው። ከ1874 እስከ 1879 ዓ.ም. ድረስ የሸዋ ጦር በራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ መሪነት ደጋግሞ ዘመተ፤ ጦርና ጋሻ የያዘው አርሲ ጠመንጃን ለዓመታት ተቋቁሞ አዙሌ ላይ ከደረሰበት ከባድ ሽንፈት በኋላ አገሩ ተያዘ። ቀጥሎ የመጣው የመሬት ክፍፍል ለም የሆነውን ሜዳ ለባለርስት ሰጥቶ የቀድሞውን ባለቤት ጪሰኛ አደረገው። ጪሰኛ የሚያርሰውን መሬት የሚያጣው በባለመሬቱ ፈቃድ ነውና ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ መቆየት ዋስትና የሌለው ነገር ሆነ።

ዋስትና ማጣቱ ምን ማለት እንደሆነ በጉልህ የታየው በ1960 ዓ.ም. የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ሲጀምር ነው። ካዱ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ድርጅት የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ስምምነት ውጤት ነበር፤ ዓላማውም ትንሹን ገበሬ ማሳደግ ነበር። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የገበያ አገልግሎት አመጣ፤ ምርምር የተጀመረበት ቁሉምሳም ዛሬ ድረስ የአገሪቱ የስንዴ ምርምር ማዕከል ነው። ምርቱ በእርግጥ ጨመረ። የመሬቱ ዋጋም አብሮ ጨመረ፤ ችግሩ ያለውም እዚህ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ከጪሰኛው ድርሻ ተቀብሎ ይኖር የነበረው ባለመሬት ትራክተር ገዝቶ ራሱ ቢያርስ እንደሚሻለው አየ። ጪሰኛው ተነሣ፣ ግጦሹም ታረሰ። ይህን ያጋለጡት የድርጅቱ ጠላቶች አልነበሩም፤ የካዱ የራሱ ጥናቶች መፈናቀሉን መዝግበዋል። ስዊድንም የጪሰኝነት ሕግ እንዲወጣ ወትውታ ነበር፤ ባለመሬቶች የተቀመጡበት ፓርላማ ግን ረቂቁን ሳያጸድቀው ቀረ። የተነሣው ገበሬ ከፊሉ ወደ ከተማ፣ ከፊሉም ወደ ሌላ አውራጃ ሄደ። ለቀረው ሰውና ለከብቱ ግን ትራክተር የማይደርስበት ቦታ ብቻ ነበር የተረፈው። ትራክተር የማይደርስበት ቦታ ደግሞ ዳገቱ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ገበሬውን ዳገት ያወጣው የሕዝብ ብዛት እንጂ ካዱም ባለርስትም አይደለም የሚል። የሕዝብ ብዛት ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም። ስንት ሰው መሬት እንደሚፈልግ ይነግረናል፤ ማን ሜዳው ላይ ቀርቶ ማን ወደ ላይ እንደሚሄድ ግን አይነግረንም። ለዚህ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የሆነውን ማየት ይበቃል። የየካቲት 25ቱ አዋጅ ጪሰኝነትን አጠፋ፤ ለጭላሎ ገበሬም በእርግጥ ታላቅ ነፃነት ነበር። ሆኖም ቀድሞ በትራክተር ይታረስ የነበረው ሰፊና ለጥ ያለ መሬት ለገበሬው አልተከፋፈለም። አብዛኛው የመንግሥት እርሻ ሆነ፤ ሎሌ፣ ጎፈር፣ ገረዴላና ዲክሲስ የዚያ ዘመን ስሞች ናቸው። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የመንደር ምሥረታው መጣና ገበሬው ከማሳው አጠገብ ከነበረው ጎጆው ተነሥቶ በመንግሥት በተለካ መንደር ሰፈረ። ሁለት ሥርዓት ተፈራርቆ ሁለቱም ሜዳውን ለማሽን መጠበቃቸው ያጋጣሚ ነገር አይደለም። ሕዝቡ ባይበዛ ኖሮ ግፊቱ ይቀንስ ነበር፤ አቅጣጫው ግን ያው ወደ ላይ ነበር።

ይህ የጭላሎ ብቻ ዕጣ አለመሆኑን አየርላንድ ታሳያለች። በምዕራብ ጠረፏ፣ በአቺል ደሴት፣ ስሊቭሞር የሚባል ከ700 ሜትር ያነሰ ኮረብታ አትላንቲክን ቁልቁል ያያል። ዛሬ ነፋስና በግ ብቻ የሚገኝበት ጸጥተኛ ቦታ ነው፤ ጸጥታውን ፍለጋም ሰው ይሄድበታል። ከግርጌው ግን ጣሪያ የሌላቸው የድንጋይ ቤቶች ተደርድረው ቆመዋል፣ በዙሪያቸውም ድንች ይተከልበት የነበረው መደብ አሁን ሣር ለብሶ ይታያል። በዚያ ጠረፍ ለሙን መሬት ባለርስት ስለያዘው ደሃው ወደ ረግረጉና ወደ ዳገቱ ተገፍቶ በድንች ይኖር ነበር። ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. ድንቹን በሽታ ሲመታው በአገሪቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሞተ፣ ከዚያ የማያንስም ተሰደደ። ዛሬ ጎብኚው የሚወድደው ባዶነት ከዚህ ሞትና ስደት ብዙ ወርሷል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የጭላሎ ገበሬ ዛሬም ዳገቱ ላይ ነው፣ ገብሱንም ያጭዳል። እንደ ስሊቭሞር ጸጥ ያለ ጭላሎን የሚመኝ ሰው ምን እየተመኘ እንደሆነ ቢያስብ ይበጀዋል።

ተራራ ለዕይታ መውጣት የፈረንጅ ፍላጎት ነው፣ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ደግሞ አለ። መልሱ አጭር ነው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ዝቋላን የሚወጣው ምእመን፣ በአርፋሳ ወራት ኮረብታ ላይ ኢሬቻ የሚያከብረው ኦሮሞ፣ ከፍታን ከማንም አልተማሩትም። ከጭላሎ የሚታየው ውኃም ቢሆን ታሪክ የሌለው ጌጥ አይደለም። በዝዋይ ደሴቶች ላይ የዛይ ሕዝብ ከየብሱ ጦርነት ተጠልሎ ዘመናትን አሳልፏል፤ በቱሉ ጉዶ ያለችው ደብረ ጽዮንም ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትን ጠብቃ አቆይታለች። አንዱ ወደ ውኃው፣ ሌላው ወደ ዳገቱ ተገፍቷል፤ ከጫፉ ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም መጠጊያዎች ባንድ ዓይን ያያል።

ይህ ሁሉ ዛሬ ላለው ክርክር ፋይዳ አለው። የኦሮሚያ ክልል በ2003 ዓ.ም. የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋቁሞ የጭላሎንና የገላማን ሰንሰለት፣ ካካንም ጭምር አካቶበታል። የሚጠበቀው ሀብት ቀላል አይደለም፤ የደጋ አጋዘን ለሳይንስ የታወቀው ከዝዋይ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ከነዚሁ የአርሲ ተራሮች በ1908 እ.ኤ.አ. በተገኘ እንስሳ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭም የትም የለም። አስታው በእሳትና በምሣር እያለቀ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። ነገር ግን ጥበቃው ከላይ ወደ ታች በሚሰመር ድንበር ብቻ ከተጀመረ፣ ከሜዳው የተገፋው ገበሬ አሁን ደግሞ ከዳገቱ ይገፋል ማለት ነው። ትራክተርና ኮምባይነር የሚሠሩበት የስንዴ ሜዳ የዳገቱን ከብት ገለባ፣ የዳገቱን ቤት ማገዶ፣ የዳገቱን ወጣት ሥራ ይቻለው። የፓርኩ የመጀመሪያ ዕቅድ መነደፍ ያለበት ለሜዳው ነው፤ የአስታው ድንበር ከዚያ በኋላ ይሰመር።