የወፍ ቆሎንና እሾሃማ ቁጥቋጦን ለመመንጠር የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

በሀዋሳ ከተማ ዙሪያ ለዓመታት ያልታረሰ ይዞታ ያለው ሰው የሚገጥመው ሥራ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። በበጋው ወራት የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ቁጥቋጦውን በገጀራ ያስመነጥራል፤ መሬቱ ለጥቂት ሳምንታት ጸድቶ ይታያል። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ግን ከእያንዳንዱ ጉቶ ብዙ ቀምበጥ ይወጣና ክረምቱ ሲያበቃ ስፍራው ከቀድሞው ይበልጥ ተጨናንቆ ይገኛል። ገንዘቡና ጉልበቱ የባከነው ሠራተኛው ስለለገመ ሳይሆን ለሥራው የማይሆን መሣሪያ ስለተመረጠ ነው።

መሣሪያ ከመግዛት ወይም ሠራተኛ ከመቅጠር በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ተክሉ ሲቆረጥ ከየት ያቆጠቁጣል? ገጀራ፣ ማጭድና የሞተር ማጨጃ ሁሉም ከአፈር በላይ ያለውን ክፍል ይቆርጣሉ። ችግሩ ያለው ከአፈር በታች ከሆነ የትኛውም ስለት ቢሳል መፍትሔ አይሆንም።

ለዚህ ዋናው ምሳሌ የወፍ ቆሎ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ላንታና ካማራ የሚባለው ይህ ተክል መነሻው ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ሲሆን፣ በአበባው ውበትና ለአጥር በመመቸቱ ወደ ብዙ የዓለም አገሮች ተወስዷል። ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይና ሮዝ ቀለማት በአንድ እቅፍ ላይ ተደባልቀው የሚታዩበት አበባ አለው። ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል፤ ወፎች በልተውት ዘሩን በየሄዱበት ይጥላሉ። የአማርኛ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። ለአጥር ተብሎ የተተከለው የጎረቤትን የግጦሽ መሬት የሚወርሰው በዚህ መንገድ ነው። ቅጠሉን የበላ ከብት ወይም በግ ጉበቱ ይጎዳል፣ ቆዳውም የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ይቆስላል። ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ለሕፃናትም አደገኛ ስለሆነ በግቢ አጥርነት መተከሉ ራሱ ሊታሰብበት ይገባል።

የወፍ ቆሎ የሚያቆጠቁጠው ግንዱና ሥሩ ከሚገናኙበት ክፍል ነው። ይህ ክፍል ከአፈሩ ወለል ጋር ተቀራርቦ የሚገኝ በመሆኑ የገጀራ ስለት ከበላዩ ያልፋል። በህንድ የተፈጥሮ ደኖች ውስጥ ተክሉን ለማስወገድ የተሠራበት ዘዴ ይህንን መነሻ ያደረገ ነው፤ ዋናው ሥር ከአፈር ወለል ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በመቆፈሪያ ይቆረጣል፤ ከዚያም ቁጥቋጦው ተነሥቶ ሥሩ ወደ ላይ እንዲሆን ተገልብጦ ይቀመጣል። መገልበጡ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን እርጥብ አፈር የነካ የወፍ ቆሎ ቅርንጫፍ እንደገና ሥር ስለሚሰድ ተገቢ ጥንቃቄ ነው።

በአፋር ክልል የግጦሽ መሬትን የወረረው ፕሮሶፒስም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሲሆን፣ ከመሬት በላይ ሲቆረጥ በብዛት ያቆጠቁጣል። ከአፈር ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ተብሎ ሲቆረጥ ግን እንደማያቆጠቁጥ በኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ሁለቱም ተክሎች የሚፈልጉት ሰፊ ስለት ሳይሆን አፈር ውስጥ ገብቶ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው።

ስለዚህ ለአብዛኛው ባለይዞታ የመጀመሪያው ግዢ ዶማ ሊሆን ይገባል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው አፉ ጠበብ ያለ፣ ከበድ የሚልና ጠርዙ እንደ መጥረቢያ የተሳለ ዶማ ነው። ለእርሻ የሚያገለግለው አፈ ሰፊ ዶማ አፈር ለማንሳት እንጂ ሥር ለመቁረጥ አይመችም፤ ሥር ሲመታ ይነጥራል፣ ዛቢያውም ይላላል። በአንድ ወገን ዶማ በሌላው ወገን መጥረቢያ የሆነ ባለ ሁለት አፍ መሣሪያ የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ሁለት ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው ይሠራዋል።

የብረቱ ጥራት ከቅርጹ ያልተናነሰ ግምት ሊሰጠው ይገባል። በገበያ የሚቀርቡ ቀጫጭን የፋብሪካ ገጀራዎች ዋጋቸው ዝቅ ቢልም ጠንካራ ግንድ ሲመቱ ይጣመማሉ። ብረት ቀጥቃጮች ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ገጀራ፣ መጥረቢያና ዶማ በአንጻሩ ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ ባሌስትራ የመኪናን ክብደት እየተሸከመ እንዲታጠፍና እንዲመለስ የተሠራ ጠንካራ ብረት ነውና። ከግንባታ ፌሮ ወይም ከተራ ላሜራ የተቀጠቀጠ መሣሪያ ግን ቶሎ ይደንዛል። ገዢው ልዩነቱን በሞረድ ሊፈትን ይችላል፤ ሞረዱ ጠርዙን ሳሙና እንደሚፋቅ በቀላሉ ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው። ሞረዱ ምንም ሳይዘው የሚንሸራተት ከሆነም ብረቱ ከመጠን በላይ ስለደረቀ ድንጋይ ሲመታ ይሸረፋል። የሚፈለገው በመካከል ያለው ነው።

ዛቢያው ከወይራ ወይም ከክትክታ ቢሆን ይመረጣል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ብረቱ እየላላ ይሄዳል፤ በሥራ መካከል የተወነጨፈ የዶማ ብረት ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ዛቢያው አስቀድሞ የደረቀ መሆን አለበት፤ በየዕለቱ ከሥራ በፊትም ሊፈተሽ ይገባል።

ገጀራ ከሥራው ፈጽሞ አይወጣም። ወደ ግንዱ ለመድረስ መንገድ የሚከፍተው፣ የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ የሚቀንሰው እርሱ ነው። ልዩነቱ አቆራረጡ ላይ ነው። ግንዱን ከሥር ከመጨረስ ይልቅ እስከ ጉልበት ድረስ ያለውን ክፍል መተው ይጠቅማል፤ የቀረው ጉቶ ሥሩ በዶማ ሲቆረጥ እንደ መያዣ ሆኖ ያገለግላል። ሥሩ የጠለቀና የወፈረ ከሆነ ድጅኖ ከሥሩ ገብቶ ያነቃንቀዋል፤ ድንጋያማ በሆነ መሬትም ከዶማ የተሻለው እርሱ ነው። ክንድ የሚያህል ግንድ ላይ በገጀራ መድከም አያስፈልግም፣ መጥረቢያ ወይም የእጅ መጋዝ ይበቃል። ማጭድ ለሣርና ገና ለወጣ ለስላሳ ቀምበጥ ብቻ ነው። ብዙዎች የሚረሱት ግን ረዥም ባላ ነው፤ ከማንኛውም ዛፍ ሊቆረጥ ይችላል፣ እሾሃማውን ቅርንጫፍ ከሩቅ ገፍቶ ወይም ጎትቶ ስለሚይዝ ቆራጩ እጁን እሾህ ውስጥ አይከትም። የተቆረጠውን ለመሰብሰብም መንሽ ከእጅ ይሻላል።

ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው የሞተር ማጨጃ ሰፊ መሬትንና ቀጫጭን ግንዶችን በፍጥነት ያጸዳል። በናይለን ክር የሚሠራው ለሣር ብቻ ስለሆነ ለቁጥቋጦ ክብ የብረት ስለት ያስፈልገዋል። ስለቱ ድንጋይና ስብርባሪ ስለሚወረውር ሌላ ሰው ቢያንስ 15 ሜትር መራቅ አለበት። አብዛኞቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ናቸው፤ ቤንዚናቸው ከዘይት ጋር ይደባለቃል፣ በ50 ለ1 መጠን ለሚሠሩት ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። መጠኑ እንደ ማሽኑ ስለሚለያይ መመሪያውን ማየት ግድ ነው። በተለምዶ ቼንሶ የሚባለው የሞተር መጋዝ ለዛፍ እንጂ ለተጠላለፈ ቀጭን ቁጥቋጦ አይመችም፤ ሰንሰለቱ ቀጭን ቅርንጫፍ ይዞ ወደ ሠራተኛው ሊመልሰው ይችላል። በሲዳማ እንደሚዘወተረው ከአንድ ሄክታር ባነሰ ይዞታ ላይ እነዚህን ማሽኖች መግዛት ወጪውን የሚመልስ አይመስልም፤ ያጨዱትም ቢሆን ሥሩ በዶማ መውጣቱ አይቀርም።

ሁሉም እሾህ ግን ጠላት አይደለም። ቀጋ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ አገር በቀል የሆነች የጽጌረዳ ዝርያ ናት፤ ፍሬዋ ይበላል። አጋምና ኮሽምም ፍሬያቸው የሚበላ፣ በአጥርነት የሚያገለግሉ አገር በቀል ተክሎች ናቸው። ቀንጠፋ ልብስ ይዞ የማይለቅ አስቸጋሪ ተክል ቢሆንም ሸለቆንና ገደልን ከመሸርሸር ይጠብቃል። እነዚህን ከድንበር ላይ መንቀል ነጻ አጥርን አፍርሶ በገንዘብ ሽቦ እንደመግዛት ነው፤ በመከርከሚያ መቀስ ወይም በተሳለ ገጀራ ቁመታቸውንና ስፋታቸውን መቀነስ በቂ ነው። ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚተርፉት ተክሎች በጨርቅ ወይም በኖራ ምልክት ቢደረግባቸው ኋላ ጸጸት አይኖርም።

በሀዋሳ አካባቢ ይህ ጉዳይ ከአንድ ሰው ይዞታ ያልፋል። ከተማዋና ሐይቁ የሚገኙት በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ሲሆን፣ የአካባቢው አፈር በብዙ ቦታ የእሳተ ገሞራ አመድና ቀላል ድንጋይ የተቀላቀለበት ነው። እንዲህ ያለ አፈር ለዶማ ይመቻል፤ ለጎርፍም እንዲሁ። የሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ በጥቁር ውሃና በየተዳፋቱ ጎርፍ የሚገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ቀድሞ ሐይቅ የነበረው ጨለለቃ ዛሬ ረግረግ ሆኖ ይታያል። እንደ ታቦርና አላሙራ ባሉ ተዳፋቶች አቅራቢያ ያለ ይዞታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢነቀል የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የላዩን አፈር ይዞት ይወርዳል። በተዳፋት ላይ ሥራው ከቁልቁለቱ አግድም በሆኑ ጠባብ ሰቆች ይከፈላል፤ አንዱ ሰቅ ሲጸዳ ቀጣዩ እንዳለ ይቆያል፤ የጸዳው ሣር ሲይዝ ወደ ሌላው ይታለፋል። መነሻው በጋሞ ጨንቻ አካባቢ የሆነው ዴሾ ሣር ለዚህ የተመሰከረለት ነው፤ አፈር ይይዛል፣ ከብትም ይመገበዋል። የወል መሬትን ወይም ከንክኪ ነጻ የተደረገ ተዳፋትን ለመንካት ደግሞ የቀበሌው ፈቃድ አስቀድሞ ያስፈልጋል።

ጊዜውም ለመሣሪያው መስማማት አለበት። በየካቲት አፈሩ ደርቆ ሲጠነክር የላይኛውን ክፍል በገጀራ መቁረጥ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው ሥሩን በዶማ ማውጣት ጉልበት ይቆጥባል። እሳት እንደ አቋራጭ መታየት የለበትም። በቦረና አርብቶ አደሮች እሳትን በባህላዊ ሥርዓት ለግጦሽ እንክብካቤ ይጠቀሙበት እንደነበር፣ በደርግ ዘመን መከልከሉም ለቁጥቋጦ መስፋፋት አንድ ምክንያት እንደሆነ ይታወቃል፤ ነገር ግን ያ ሰፊ ክፍት ሜዳ ነው። አጥር ከአጥር በተያያዘበት የሀዋሳ ዙሪያ ቀበሌ የተለቀቀ እሳት የጎረቤትን ጎጆና እንሰት ይዞ ይሄዳል፤ የወፍ ቆሎም ከተቃጠለ በኋላ መልሶ ያቆጠቁጣል። ፀረ አረም ኬሚካል በአዲስ ጉቶ ላይ መቀባት የሚቻል ቢሆንም በ2002 ዓ.ም. በወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 መሠረት የተመዘገበ ምርት መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ በውሃ ዳርና በንብ ቀፎ አጠገብ ደግሞ አለመጠቀሙ ይመረጣል።

ለሠራተኛው የሚገዛው ነገር ከመሣሪያው ተለይቶ ሊታይ አይገባም። የቆዳ ጓንት፣ ወፍራም ጫማ፣ ረዥም እጅጌና የዓይን መከላከያ መነጽር ያስፈልጋሉ። እሾህ ወይም የተቆረጠ ግንድ የሚወጋው ጠባብና ጥልቅ ቁስል ለመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ይመቻል፤ ክትባቱን ያልወሰደ ወይም ከወሰደ የቆየ ሰው እንዲህ ሲወጋ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል። ዓይን ውስጥ የገባን እሾህ በቤት ለማውጣት መሞከር የከፋ ጉዳት ያስከትላል። ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ እባብ ሊያስጠልል ስለሚችል እጅ ከመስደድ በፊት በባላው መነቅነቅ ያስፈልጋል። ገጀራ የያዙ ሠራተኞችም ጎን ለጎን ተጠጋግተው መሥራት የለባቸውም።

የተነቀለው ተክል ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ እስኪደርቅ ይከመራል፤ ፍሬ የያዘው ቅርንጫፍ ግን ወደ ሌላ ቦታ ሳይጎተት እዚያው ቢቀር ይሻላል። በአፈር ውስጥ የቀረው የወፍ ቆሎ ዘር ለዓመታት ሊበቅል ስለሚችል ባለይዞታው በሰኔና በመስከረም፣ በቀጣዩ ዓመትም እንዲሁ ተመልሶ መፈተሽ አለበት። ያኔ ድጅኖም መጥረቢያም አያስፈልግም፤ ቀምበጡ የእጅ ጣት ያህል ሳይወፍር፣ አፈሩ እርጥብ እያለ፣ በጓንት ተይዞ ከነሥሩ ይነቀላል።