ከአባት ስም ጋራ የሚገጥም ስም

በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ስም አውጪ ሁለት ነገር ይመለከታል፤ የሕፃኑን አወላለድና የአባቱን ስም። ሁለቱ ስሞች ተከታትለው ሲጠሩ እንደ አንድ ዐረፍተ ነገር የተሰሙ እንደ ሆነ ስሙ አምሯል ይባላል። ይህ ልማድ በቤተ መንግሥት ምን መልክ እንደ ነበረው ለማየት ከአዘዞ መነሣት ይቻላል።

አዘዞ ከጎንደር በስተ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩባትና በኋላም የተቀበሩባት ስፍራ ናት። አባታቸው ፋሲለደስ ይባሉ ነበር፤ በ1624 ዓ. ም. ዙፋኑን የለቀቁላቸውን ልጃቸውንም ፋሲለደስ አሏቸው። ስለዚህ አባት ሱስንዮስ ፋሲለደስ፥ ልጅ ፋሲለደስ ሱስንዮስ ሆኑ። የአያትን ስም መመለስ ክብር ነው፤ አዲስነት ግን የለውም። አዲስነት የተፈለገው በስመ መንግሥቱ ነው።

በስመ መንግሥት ሁለተኛው ቃል፥ ይኸውም «ሰገድ»፥ ከንጉሥ ወደ ንጉሥ ጸንቶ ይኖራል፤ የፊተኛው ይለወጣል። ሱስንዮስ መጀመሪያ የሠርፀ ድንግልን «መለክ ሰገድ» ያዙ፤ ኋላ «ሥልጣን ሰገድ» ተባሉ። ፋሲለደስ «ዓለም ሰገድ»፥ ቀዳማዊ ዮሐንስ «አእላፍ ሰገድ»፥ ታላቁ ኢያሱ «አድያም ሰገድ» ተሰኙ። ዓለም ከሰገደ በኋላ ለተከታዩ የሚሰግድ ምን ቀረ ያሰኛል፤ ቢሆንም ካህናቱ ቃል አላጡም። የቴዎፍሎስ «አጽራር ሰገድ» (ጠላቶች ሰገዱ) ግን ከድምፅ ውበት ያለፈ ነው። ኢያሱ በ1699 ዓ. ም. ተገድለው ነበርና፥ ወንድማቸው ቴዎፍሎስ በነገሡ ጊዜ ገዳዮቹን በሞት ቀጥተዋል። የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ. ም. ሲነግሡ «ሰገድ»ን ትተው ቴዎድሮስ ተባሉ።

በባላገር ቤት የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ሁለተኛው ቃል በየትውልዱ ስለሚለወጥ ግጥሙ የሚጸናው በአንድ አባትና በልጆቹ መካከል ብቻ ነው። ሞት ያየ ቤት ልጁን ካሣ ወይም ምትኩ ይለዋል፤ ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን የሚቀበሉት የክርስትና ስም ለብቻው ይቀመጣል። እጅግ ያማረው ምሳሌ ከሊቃውንት ቤት ይገኛል። የአለቃ ለማ ኃይሉ ስም «ኃይሉ ለማ» እንደ ማለት ነው፤ ልጃቸው ደራሲው መንግሥቱ ለማ ናቸው። አንዱ ግሥ በአባት ስም መነሻ፥ በልጅ ስም መድረሻ ሆኗል። ሐዲስ ዓለማየሁም «አዲስ ዓለም አየሁ» ተብሎ ይሰማል።

በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 32 እያንዳንዱ ሰው ከተጸውዖና ከአባት ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው፥ በአስተዳደር ጽሑፍም ይኸው ስም ቀድሞ እንዲጻፍ ደነገገ። ልማዱ አልተቀበለውም፤ ሰው ዛሬም በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል። ነገር ግን ሕጉ በአገር ውስጥ ያላገኘውን ፍጻሜ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት አግኝቷል። በዚያ የአባትየው ሁለተኛ ስም ለልጁ ስለሚተላለፍ፥ ስም አውጪው ቃል የሚያገጥመው ከገዛ ስሙ ጋራ ሳይሆን ከሕፃኑ አያት ስም ጋራ ነው፤ የአባትየው ስም በመካከል ይወድቃል።