ሰንስክሪን ስንቀባ ለምን ከወፍጮ ቤት የወጣን እንመስላለን? (ማዲያት ያለባችሁ ሳታነቡ እንዳትገዙ)

ስለ ሰንስክሪን ቪዲዮ ሲለቀቅ ሥሩ ሁለት ኮሜንት አይጠፋም። አንዱ «ይሄ ለፈረንጅ ነው፣ እኛ ሜላኒን አለን» ይላል። ሌላው «ሞክሬው ወፍጮ ቤት የዋልኩ አስመሰለኝ» ይላል። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ግን ባለፉት 15 ዓመታት የወጡ ጥናቶች ጥያቄውን ቀይረውታል። ለእኛ ቆዳ ዋናው ነገር «ልቀባ ወይስ ልተወው» ሳይሆን «የትኛውን ልቀባ» ሆኗል።

ሜላኒን አይበቃም እንዴ?

በከፊል ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ጥናት የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ በራሱ ኤስፒኤፍ 13 አካባቢ መከላከያ እንዳለው ለክቷል፤ የነጮቹ 3 አካባቢ ነበር። ኤስፒኤፍ ማለት ቆዳን የሚያቃጥለውን ዩቪቢ የተባለ ጨረር የመከላከል አቅም መለኪያ ነው።

ለዚህም ነው ፀሐይ የሚያመጣው የቆዳ ካንሰር ጥቁር ሰው ላይ በጣም አነስተኛ የሆነው። ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር እንኳን ጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ውስጥ እግር ወይም ጥፍር ሥር ነው፣ ፀሐይ እምብዛም የማያገኘው ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ በካንሰር እያስፈራራ ክሬም ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ካለ ጠርጥሩ።

የብዙዎቻችን ችግር ሌላ ነው፦ ማዲያት፣ እና ብጉር ሲድን ጥሎት የሚሄደው ጥቁር ነጠብጣብ። እዚህ ላይ ሜላኒን ራሱ የችግሩ አካል ነው።

ጥፋተኛው ዩቪ ብቻ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሰዎችን በዓይን በሚታየው ብርሃን ፈተነ። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ጠቆሩ፣ ጥቁረቱም ቶሎ አልለቀቀም። ነጭ ቆዳ ባላቸው ላይ ግን ይህ አልታየም። ከፀሐይ የሚመጣው ተራ ብርሃን ብቻውን የእኛን ቆዳ ሊያጠቁር ይችላል ማለት ነው። ኤስፒኤፍ ደግሞ ስለዚህ ብርሃን ምንም አይነግረንም።

ታዲያ ነጩ ነገር ምንድን ነው?

ዚንክ ኦክሳይድ እና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባሉ ማዕድናት ናቸው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የግድግዳ ቀለምን ነጭ የሚያደርገው ያው ንጥረ ነገር ነው። ብዙ ቪዲዮ «እንደ መስታወት ጨረሩን ይመልሳሉ» ይላል። በተግባር ግን ዩቪውን በዋናነት ውጠው ያስቀሩታል። የሚመልሱት የሚታየውን ብርሃን ነው፣ ፊታችን አመድ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ኩባንያዎች መፍትሔ ያሉት ማዕድኑን ከ100 ናኖሜትር በታች አድርጎ መፍጨት ነበር። ቅንጣቱ ሲያንስ ነጩ ይጠፋል። ግን ዋጋ አለው፤ ነጩ ሲጠፋ የሚታየው ብርሃንም እንደልቡ ያልፋል። በአጭሩ፣ ፊት ላይ የማይታይ ሰንስክሪን የሚታየውን ብርሃን አያቆምም።

ዝገት ለፊት?

መፍትሔው ከአይረን ኦክሳይድ መጣ። የዝገትና የቀይ አፈር ቀለም የሚመጣው ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ፋውንዴሽን ውስጥም አለ። ሰንስክሪን ውስጥ ሲገባ ነጩን ይሸፍናል፣ የሚታየውንም ብርሃን ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሜክሲኮ ጥናት ማዲያት ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ሁሉም አንድ ዓይነት የማዲያት መድኃኒት ወሰዱ፤ ልዩነቱ ሰንስክሪኑ ነበር። ከ8 ሳምንት በኋላ አይረን ኦክሳይድ ያለበትን የተቀቡት የተሻለ ለውጥ አሳዩ።

ክፍተቱ ግን አልተዘጋም። አብዛኞቹ ባለቀለም ሰንስክሪኖች የሚመጡት በጥቂት የቀለም ዓይነት ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ለቀላ ያለ ፊት ነው።

ሌሎቹ አዳዲስ ነገሮች

• ትልልቅ ሞለኪውሎች፦ ቤሞትሪዚኖል የሚባለው ማጣሪያ በብርሃን ቶሎ አይበላሽም፣ መጠኑ ትልቅ ስለሆነም በቆዳ አልፎ ወደ ደም የመግባት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ነጭም አያደርግም። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ፈቅዳዋለች፤ አሜሪካ ግን ከ20 ዓመት በላይ አዘግይታዋለች።

• የደም ምርመራው፦ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመራማሪዎች አንዳንድ የድሮ ማጣሪያዎች ደም ውስጥ እንደሚገቡ አሳይተዋል። ይህ ይጎዳሉ ማለት አይደለም። ተመራማሪዎቹም ራሳቸው «መቀባት አቁሙ» አላሉም፣ ተጨማሪ ጥናት ነው የጠየቁት።

• ኪሊሰን፦ ይሄኛው ከቅርባችን ነው። ታንዛኒያ ሞሺ ከተማ ውስጥ፣ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ተብሎ እዚያው ተቀምሞ የሚመረት ሰንስክሪን ነው። ለእነሱ ነገሩ የውበት ጉዳይ አይደለም። ሜላኒናቸው በጣም አነስተኛ ስለሆነ ወይም ጭራሽ ስለሌላቸው ብዙዎች ገና በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር ይጠቃሉ። ከውጭ የሚመጣው ክሬም ውድ ነው፤ እዚያው ማምረት የተጀመረው ለዚህ ነው። እኛም ሀገር አልቢኒዝም ላለበት ሰው ሰንስክሪን መድኃኒት እንጂ ቅንጦት አይደለም።

ልትገዙ ስትሉ ይህን እዩ

1. ማዲያት ወይም ነጠብጣብ ካለባችሁ ባለቀለሙን ምረጡ። የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ላይ 77491፣ 77492 ወይም 77499 የሚሉ ቁጥሮችን ፈልጉ፤ አይረን ኦክሳይድ ማለት ናቸው።

2. ኤስፒኤፍ 30 ይበቃል። 30 ዩቪቢን 97 በመቶ፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ አካባቢ ይከለክላል። ግን ከዩቪኤም የሚከላከል መሆኑን አረጋግጡ።

3. አትቆጥቡ። ቁጥሩ የሚለካው ወፈር ተደርጎ ተቀብቶ ነው። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ጭመቁ። ውጭ ከዋላችሁ በየ2 ሰዓቱ ድገሙት።

4. ብርዱ አያታላችሁ። ዩቪ በየ1000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ አካባቢ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት።

5. መግዛት ካልቻላችሁ ሰፊ ኮፍያ፣ ጃንጥላና ነጠላ አሉ። የሚታየውንም ብርሃን ይቀንሳሉ፣ በየ2 ሰዓቱም አይደገሙም።

እና አንድ የመጨረሻ ነገር። ማዲያት ለማጥፋት ተብሎ ምንነቱ ያልተጻፈበት የማንጫ ክሬም አትቀቡ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪና ስቴሮይድ ተገኝቷል። ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፣ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። የቆዳ ሐኪም አማክሩ፣ ብርሃኑንም ከልሉ። ብርሃኑ ካልተከለለ ማዲያቱ ተመልሶ ይመጣል።

ማዲያት ላስቸገራት እህታችሁ ወይም ጓደኛችሁ ሼር አድርጉላት።