የማርጌሪታ ጎጆ መንገድ፤ የአንድ ተራራ ጉዞ ዕቅድ ታሪክ

በኢጣሊያና በስዊዘርላንድ ወሰን በሚገኘው በሞንቴ ሮዛ ተራራ፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,554 ሜትር በሆነ ጫፍ ላይ፣ አንድ የተራራ መጠለያ ቆሟል። ከፍታው ከራስ ደጀን ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ በአውሮፓ ከዚህ ከፍ ብሎ የተሠራ ማረፊያ ቤት የለም። መጠሪያውን ያገኘው ኢጣሊያ በአድዋ በተሸነፈችበት ዘመን ከነበረችው ከንጉሥ ኡምቤርቶ ባለቤት፣ ከንግሥት ማርጌሪታ ነው። ወደዚህ ቤት ለመውጣት የሚያስብ ሰው ዕቅዱን ከጫማና ከገመድ ይጀምር ይሆናል። የሥፍራው ታሪክ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም መንገዱ ባጠረ ቁጥር ዕቅዱ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቅ መሆኑን ነው።

ጫፉ በኢጣሊያኖች ዘንድ ፑንታ ኚፌቲ ይባላል። የአላኛ መንደር ቄስ የነበሩት ጆቫኒ ኚፌቲ ካልተሳኩ ሙከራዎች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1842 ከባልንጀሮቻቸው ጋር ረገጡት፤ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ጊዜ በጫፉ ላይ መጠጊያ ስላልነበረ፣ ብርድና ጨለማ የወጣውን ሁሉ ወዲያው ወደ ታች ይመልሱት ነበር። ይህ አስገዳጅ መመለስ ለሕይወት ምን ያህል ዋስትና እንደነበረ ግን ገና አልታወቀም።

የኢጣሊያ አልፓይን ክበብ በጫፉ ላይ ጎጆ እንዲሠራ የወሰነው በ1889 ነው። የእንጨቱ ቤት በቅድሚያ በሸለቆው ተዘጋጅቶ፣ ክፍል ክፍሉ በበቅሎና በሰው ትከሻ ወደ ላይ ተጓጓዘ። ንግሥቲቱም ኦገስት 18 ቀን 1893 ወጥታ በዚያው አደረች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጫፉ ተረግጦ የሚመለሱበት ብቻ ሳይሆን የሚተኙበትም ሥፍራ ሆነ። የጥያቄው መልክ የተለወጠውም በዚህ ነው።

ማደር ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ምልክት አስቀድሞ በሞንብላን ታይቶ ነበር። በ1891 ዣኮቴ የተባለ ወጣት ሐኪም፣ ከ4,300 ሜትር በላይ በሚገኘው በቫሎ መጠለያ ሳለ ታመመ፤ የከፍታን ጠባይ በራሱ ላይ ለመመልከት ፈልጎ አልወርድም አለ፤ በዚያው ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ሳንባው ውኃ መቋጠሩ ታወቀ። የቶሪኖው የሥነ ሕይወት ሊቅ አንጄሎ ሞሶ በማርጌሪታ ጎጆ ምርምር ካካሄደ በኋላ፣ የተራራ ሕመም መነሻው በደም ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማነስ ነው ብሎ ደመደመ። ፈረንሳዊው ፖል ቤር ግን በ1878 ምክንያቱ የኦክሲጅን ግፊት መቀነስ መሆኑን አስረድቶ ነበር፤ የኋላው ምርምርም የፈረደው ለቤር ነው።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ጉዳዩ በቁጥር ተገለጸ። በ1990 የታተመ አንድ ጥናት በአልፕስ ተራሮች በአራት መጠለያዎች የተገኙ 466 ተራራ ወጪዎችን መርምሮ፣ የተራራ ሕመም በ2,850 ሜትር 9 በመቶውን፣ በ3,050 ሜትር 13 በመቶውን፣ በ3,650 ሜትር 34 በመቶውን፣ በማርጌሪታ ከፍታ ደግሞ 53 በመቶውን እንደያዘ አሳየ። ከሁለት እንግዳ አንዱ ታማሚ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ይህን ሁሉ ማገናዘብ ይኖርበታል። ከአላኛ፣ ማለትም ከ1,190 ሜትር ገደማ፣ በሽቦ ገመድ የሚሳብ መጓጓዣ መንገደኛውን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ ያደርሰዋል። ከዚያ 3,647 ሜትር ላይ እስካለው የኚፌቲ መጠለያ በእግር ይሄዳል። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ፀሐይ በስንጥቆቹ ላይ የተጋደመውን በረዶ ሳታለሰልስ፣ በገመድ ተያይዞ ግግር በረዶውን ያቋርጣል። ጭጋግ በወረደ ጊዜ በዚያ ሰፊ ነጭ ሜዳ አቅጣጫ ስለሚጠፋ፣ የአየሩን ትንበያ ማወቅና ልምድ ያለው መንገድ መሪ መያዝ ያሻል።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ በትክክል የፈጸመም ሊሳሳት ይችላል። የዘመኑ ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመክራሉ። ከኚፌቲ እስከ ማርጌሪታ ያለው ልዩነት ግን 907 ሜትር ነው። የመጀመሪያው የኚፌቲ መጠለያ በ1876፣ ማርጌሪታ በ1893 ሲሠሩ ይህ መለኪያ አልነበረም፤ በ1980 የተከፈተው የዛሬው በመዳብ የተለበጠ ቤትም የቆመው በዚያው ጫፍ ላይ ነው። ስለሆነም ከመጠለያ ወደ መጠለያ መሄድን ብቻ የሚከተል ዕቅድ፣ ምንም ያህል የተሟላ ቢመስል ለሳንባ በቂ ጊዜ አይሰጥም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። በታችኛው መጠለያ ሁለትና ሦስት ሌሊት ማደር፣ ቀን ወደ ላይ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት፣ ጫፉን አይቶ በዚያው ዕለት መመለስ ይቻላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ከፍታ መጨመሩን ማቆም፣ ሕመሙ ከባሰበትም ሳይዘገይ መውረድ ይገባዋል። በዕረፍት ላይ ሳለ ትንፋሽ ላጠረውማ ነገን መጠበቅ የዣኮቴን መንገድ መከተል ነው።

የኚፌቲ ዘመን ሰዎች ሳይወዱ ያገኙትን የመውረድ ግዴታ እኛ በገዛ ፈቃዳችን በዕቅዳችን ውስጥ ልናስገባው ይገባል። የገመዱ መጓጓዣ ለእግር የቆጠበውን ቀን ለሳንባ መልሶ የሚሰጥ ዕቅድ፣ እርሱ በእውነት የተሟላ ዕቅድ ነው።