የሰረቀና የፋቀ

በጥንት የብራና መጻሕፍት ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ገጽ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገኛል። መጽሐፉን ያጻፈው ማን እንደሆነ፣ የጻፈው ማን እንደሆነ፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ ይዘረዘርና የሰረቀውም የፋቀውም ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ሁለቱ ጥፋቶች እኩል መቆጠራቸው ነው። መስረቁስ እሺ፣ ይገባናል። መፋቅ ግን ምኑ ነው ያን ያህል የሚያስወግዘው? ብራና ይፋቃል። የመጀመሪያው ባለቤት ስም በስለት ይነሣና በቦታው የአዲሱ ጌታ ስም ይገባል። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በየቤተ መዘክሩ አሉ። መጽሐፉ አልጠፋም፣ ሰሌዳው ላይ እንዳለ ነው። የጠፋው እውነቱ ነው። አባቶቻችን ይህን ከስርቆት አላሳነሱትም።

ዛሬ ብራና የሚፍቅ የለም። መፋቁ ግን አልቀረም። ከጥር 1993 ዓ.ም. ጀምሮ በኢንተርኔት ላይ ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም ሰው ገብቶ የሚያርመው ውክፔዲያ የሚባል የዓለም መዝገበ ዕውቀት አለ። የአማርኛው ክፍልም አለ። ተማሪው የቤት ሥራውን ከዚያ ይቀዳል፣ ጋዜጠኛው ዓመተ ምሕረት ከዚያ ይወስዳል። አሁን አሁን ደግሞ ጥያቄ ሲጠየቁ የሚመልሱት ኮምፒዩተሮችም ከዚያ ነው የተማሩት። እንግዲህ ይህ መዝገብ ካሉት ደንቦች ውስጥ ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው፣ የሌላውን ሰው ድርሰት ገልብጠህ አታምጣ ይላል፤ ይህ የቅጂ መብት ነው። ሁለተኛው፣ ጥቅምህ፣ እንጀራህ ወይም ዘመድህ ያለበትን ጉዳይ ራስህ አትጻፍ፣ ከነካህም ማንነትህን አስታውቅ ይላል፤ ይህ የጥቅም ግጭት ነው። ከብራናው ማስጠንቀቂያ በምን ይለያል? የሰረቀና የፋቀ ማለት አይደል!

በዓለምም ቢሆን ፋቂው ብዙ ነው። በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አንድ አሜሪካዊ ወጣት እያንዳንዱ እርማት ከየትኛው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር እንደተላከ የሚያሳይ መፈለጊያ ሠርቶ ለሕዝብ ቢለቀው፣ ጉድ ተሰማ። ትልልቅ ኩባንያዎች፣ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ.፣ ቫቲካን ሳይቀሩ ከቢሯቸው ኮምፒዩተር እርማት ሲላክ ተገኘ። አንዳንዱ የማይረባ ነገር ነበር። አንዳንዱ ግን የገዛ ስምን ማጠብ ነበር።

የኛን ሀገር ነገር ለማየት ግን ኢንተርኔት አያስፈልግም። ድሬዳዋ ይበቃናል።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰና ከተማዋ ተቆረቆረች፤ አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀ። በባቡሩ ዕቃ ይመጣል፣ ዕቃ ካለ ቀረጥ አለ፣ ቀረጥ ካለ ነጋድራስ አለ። ከነዚህ ነጋድራሶች አንዱ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ፤ የ«ጦቢያ» ደራሲ፣ የድሬዳዋ ነጋድራስ። ሌላው ደግሞ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እሳቸውም የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ኋላም በዚሁ በሐረርጌ በኩል የጉምሩክ ሹም ሆነው ሠርተዋል። ሁለቱም ከአንድ ሐዲድ ዳር እንጀራ በልተዋል። በብዕር ግን ተፋጥጠዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፈወርቅ በ1901 ዓ.ም. ሮም ላይ «ዳግማዊ ምኒልክ» የተሰኘ የንጉሡን ታሪክ አሳተሙ። ቋንቋው ማር ነው። ሆኖም ጸሐፊው ማን ናቸው? ምኒልክ ራሳቸው ኢጣሊያ ለትምህርት የላኳቸው፣ በዓድዋው ጦርነት ጊዜ ደግሞ ወደ ኢጣሊያኖች የተጠጉ ሰው ናቸው። ከንጉሡ ጋር የሚታረቁበት ምክንያት ያላቸው ሰው የንጉሡን ታሪክ ሲጽፉ፣ ምኒልክ ከፍ ከፍ፣ አፄ ዮሐንስ ዝቅ ዝቅ ቢሉ ምን ይገርማል? ወጪት ሰባሪ ተብሎ የቆየ ሰው ወጪቱን ሲጠግን ትንሽ ማብዛቱ አይቀርም።

ገብረ ሕይወት ይህን ዝም ብለው አላለፉትም። በ1904 ዓ.ም. ግድም አሥመራ ላይ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው የሀገራችንን ታሪክ ጸሐፊዎች ወቀሱ፤ የአፈወርቅንም መጽሐፍ አነሡ። ታሪክ ጸሐፊ የተደረገውን ማስተዋል፣ ሲፈርድ አለማዳላት፣ ቋንቋውንም ማጥራት ይገባዋል ሲሉ መመዘኛ አወጡ። ውክፔዲያ ከመፈጠሩ ወደ ዘጠና ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው!

ታዲያ ወቃሹስ ከጥቅም ነፃ ነበሩ? አልነበሩም። ገብረ ሕይወት የዓድዋ አካባቢ ልጅ ናቸው። ታሪካቸውን ያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት አባታቸው የአፄ ዮሐንስ ወታደር ሆነው መተማ ላይ ወድቀዋል። ስለዚህ ዮሐንስ ሲዋረዱ ቢያንገበግባቸው አይፈረድባቸውም። በሌላ በኩል በምኒልክ ቤተ መንግሥትም አገልግለዋል። ነገር ግን ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ገብረ ሕይወት መመዘኛውን ፊት ለፊት አስቀመጡ። አንባቢ በዚያው ሚዛን እሳቸውን ራሳቸውን እንዲመዝናቸው ፈቀዱ። ወገን የሌለው ሰው የለም። ሚዛኑን የደበቀና ሚዛኑን ያሳየ ሰው ግን አንድ አይደሉም።

ይህን ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። አንድ የማውቀው የድሬ ነጋዴ ስለ ድርጅቱ በኢንተርኔቱ መዝገብ ላይ «ጥሩ አድርገህ» ጻፍልኝ ብሎ ለምኖኝ ነበር። ደንቡን ነገርኩት። «አቦ አንተ ደግሞ! እኔ ስለ ራሴ ካላጻፍኩ ማን ሊጽፍልኝ ነው?» አለኝ። ሳቅኩ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ኒው ዮርክ ስላለ ሆቴል የሚጽፍ ሺህ ገለልተኛ ሰው ይገኛል። ስለ ከዚራና ስለ መጋላ፣ ስለ ለገሀሬ የሚጽፈው ግን ማነው? የባቡሩን ታሪክ ከማንም በላይ የሚያውቁት ዕድሜያቸውን ሐዲድ ላይ የጨረሱት ጡረተኞች ናቸው፤ እነሱም ባለጉዳይ ናቸው። የከተማዋን ስም ትርጉም ብንጠይቅ ሶማሌው የዲርን ስም ያነሣል፣ ኦሮሞው ድሬ ሜዳ ነው ይላል፤ ሁለቱም ባለጉዳይ ናቸው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲወስድ ያየው የድሬ ሰው ነው። ባለጉዳይ አይጻፍ ካልን፣ የኛን ታሪክ የሚጽፈው ከጉዳዩ የራቀ፣ ስለዚህም የማያውቀው ሰው ብቻ ሊሆን ነው።

መፍትሔው ዝም ማለት አይመስለኝም። ለነጋዴው ወዳጄም ያልኩት ይህንኑ ነው፦ የምታውቀውን በስምህ ተናገር፣ ሰነድህን አውጣ፣ ፍርዱን ግን ለሌላ ተው። ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ትዝታውን በጋዜጣ ወይም በመጽሐፍ ያሳትም፤ መዝገቡ ደግሞ «እገሌ እንዲህ ይላል» ብሎ ይጥቀሰው። በስሙ ትርጉም ላይም አንዱን ፍቆ ሌላውን ከመጻፍ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ከነተናጋሪያቸው ማስቀመጥ ይሻላል። ምስክር ባለጉዳይ ቢሆንም ይሰማል። ምስክሩ ተደብቆ የዳኛ ካባ ሲለብስ ነው ፍርድ የሚበላሸው።

ስለ ስርቆቱም ጥቂት ልበል። ብዙ ሰው «ለሕዝብ ጥቅም ነው» እያለ የሰው መጽሐፍ ምዕራብ በምዕራብ ይገለብጣል። ሕጋችን ግን ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 872 የተሻሻለው፣ ሐሳብንና ተራ መረጃን አይጠብቅም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ የሚለው እውነት የማንም ርስት አይደለም። የሚጠበቀው ያንን እውነት አንድ ደራሲ የገለጸበት ቃልና አደራደር ነው። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ከዚህ ሂሳብ ስንነሣ የገብረ ሕይወትም የአፈወርቅም ድርሰት ከጥበቃው ዘመን ወጥቷል፤ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም.፣ አፈወርቅ በ1940 ዓ.ም. ግድም አርፈዋልና። ሁለቱንም ማንም ሰው በነፃ ኢንተርኔት ላይ ሊያወጣቸው ይችላል፤ ስማቸውን ሳይፍቅ።

በሕይወት ያለ የድሬዳዋ ጸሐፊ ግን ዓመታት ለፍቶ፣ ሽማግሌ ለሽማግሌ ዞሮ፣ በገዛ ገንዘቡ ያሳተመው መጽሐፍ ያለስሙ ተገልብጦ ሲያየው ሁለተኛውን መጽሐፍ አይጽፍም። ጉዳቱ የሱ ብቻ እንዳይመስለን። ስሙ የጠፋበት አንቀጽ ምንጭ የለውም፤ ምንጭ የሌለውን ማንም ተነሥቶ እንደፈለገ ይፍቀዋል። የሰረቀው ለሚፍቀው በሩን ከፈተለት ማለት ነው።

የባቡሩን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች በየዓመቱ እያለፉ ነው። ያወቁትን ይዘው ከሄዱ በኋላ ከተማችንን የሚነግረን፣ አንዳች ጥቅም ያለው ሰው አንድ ሌሊት ተቀምጦ፣ ስሙን ሳይገልጽ የጻፈው ገጽ ብቻ ይሆናል። የልጅ ልጆቻችንም እውነት ነው ብለው ይማሩታል። ስለዚህ የምታውቁ ጻፉ። የማን ልጅ እንደሆናችሁ፣ ከማን ቤት እንጀራ እንደበላችሁም አብራችሁ ጻፉ።