ሲካ ሐዲድ፦ የገዳሪፍ ባቡር ጣቢያና እኛ

ባለፈው ስለ መተማ መንገድ ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ልጆች በውስጥ መስመር «ገዳሪፍ ባቡር ነበረ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አልፈርድባቸውም። ካምፕ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅ የሚያውቀው ሎሪና አውቶቡስ ነው። አዎ፣ ነበረ። ጣቢያው አለ፤ የጠፋው ባቡሩ ነው። የማውቀውን ልጻፍላችሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሱዳኖች «ሲካ ሐዲድ» ይሉታል፣ የብረት መንገድ ማለታቸው ነው። እኛ ሐዲድ የምንለውም ይኸው የዐረብኛ ቃል ነው። የዘረጋው የእንግሊዝ አስተዳደር ሲሆን የተዘረጋውም ለሰው ተብሎ ሳይሆን ለጥጥ ነው። ከፖርት ሱዳን በሚመጣው መስመር ላይ ሀያ የምትባል መገንጠያ አለች (ቁጥሩ አይደለም፣ የቦታዋ ስም ነው)። ከዚያ ተነስቶ የጋሽን ጥጥ ወደ ባሕር ለማውረድ በ1924 ከሰላ ገባ። በ1928 ገዳሪፍ ደረሰ፣ በ1929 ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ከሰናር ጋር ተገናኘ። ከሀያ እስከ ሰናር 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ የጀዚራ ጥጥ ካርቱምን ሳይረግጥ ፖርት ሱዳን መውረድ ቻለ። ሱቅ አቡ ሲን ይባል የነበረው የገዳሪፍ ገበያም ከተማ ሆነ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በሐምሌ 1940 ጣሊያን ከሰላን ሲይዝ መስመሩ መሐል ላይ ተቆረጠ። ገዳሪፍ በባቡር የምትደረሰው በሰናር በኩል ብቻ ሆነ። ግን ከጋላባትና ከመተማ ግንባር በስተጀርባ ያለው የመጨረሻው ባቡር ጣቢያ እሱ ነበርና ወታደሩም ስንቁም እዚያ እየወረደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪናና በግመል ወደ ድንበር ይሄድ ነበር። አርበኞቻችን መሣሪያ ለመቀበል የወረዱት በዚሁ አቅጣጫ ነው። ኮሎኔል ሳንድፎርድም በነሐሴ 1940 ወደ ጎጃም የገባው በዚሁ በኩል ነው። ስለ ድሉ ስናወራ ኡሜድላንና ደብረ ማርቆስን እንጠራለን፤ ይህን ጣቢያ የሚጠራው የለም። «እናንተ ትናንት የመጣችሁ» ለሚሉን ይህ ይነገርልን።

ከጦርነቱ በኋላ ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ሆነች። በትራክተር ማረስ የተጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ የእንግሊዝን ጦር ለመቀለብ ነው። በ1960ዎቹ ሶቪየቶች ትልቁን ሳይሎ ሠሩ። ለአረምና ለአጨዳ ከእኛ አገር የሚሻገረው ሳሉግ ያጨደው ሰሊጥም በባቡር ተጭኖ ፖርት ሱዳን ይወርድ ነበር።

በ1964 ደግሞ ይኸው መስመር ስደተኛ ጫነ። የአስዋን ግድብ ውኃ ዋዲ ሃልፋን ሊያሰጥም ሲል 50,000 የሚሆኑ ኑቢያውያን ከነዕቃቸው፣ ከነከብታቸው በባቡር ተጭነው ኸሽም አል ጊርባ ወረዱ። ከሰላን አልፎ ገዳሪፍ ሳይደርስ ነው። ዛሬ ሃልፋ ጀዲዳ የምንላት ከተማ ያኔ የተሠራችላቸው ናት። የኛ ሰዎች እዚያ ሲሠሩ «አንተም ተነቃይ፣ እኔም ተነቃይ» የሚሏቸው ሽማግሌዎች ከዚያ ባቡር የወረዱ ናቸው።

በ1976 ኡም ራኩባ ለኢትዮጵያውያን ሲከፈት ባቡሩ ገና ይሄድ ነበር። ተዋዋ የነበሩ አንድ አባት እንዳጫወቱኝ፣ ሦስተኛ ማዕረግ ሰው በሰው ላይ ነበር፤ ገንዘብ የሌለው ጣራ ላይ ይወጣል። የ1974ቱ የሱዳን ጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ከተመደበበት ቦታ እንዳይወጣ ቢከለክልም፣ በእሳቸው አባባል ጣራ ላይ «ወረቀትህ የት አለ» የሚል አልነበረም።

ለምን ቆመ? ከፖርት ሱዳን በከሰላና በገዳሪፍ አድርጎ ካርቱም የሚገባው አስፋልት በ1980 አለቀ፣ ነጋዴውም ወደ ሎሪ ዞረ። ግን አስፋልት ብቻውን አልገደለውም። የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ጠንካራ ስለነበር መንግሥታት አይወዱትም ነበር። በ1981 አድማ ሲመታ ኒሜሪ ማኅበሩን አፈረሰ፤ ከ1989 በኋላ የመጣው መንግሥት ደግሞ ሠራተኛውን በብዛት አባረረ። ሐዲድ ጠጋኝ ሳይኖር ባቡር አይሄድም። በእኔ እምነት ምሥራቁን መስመር የገደለው ይህ ነው። አስፋልቱ ሲመጣ ኬላው አብሮ መጣ፤ በየኬላው መታወቂያ የሚጠየቀውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

በሰኔ 2024 መጨረሻ ጦርነቱ ሲንጃ ሲገባ ከሰናር በኩል የሸሸው ሱዳናዊ በእግር፣ በአህያ፣ በትራክተር ተሳቢ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ ዝናቡም ጀምሮ ነበር። ከሰናር ገዳሪፍ የተዘረጋው ሐዲድ እዚያው መሬት ላይ ተኝቷል።

ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሁን ግማሹ ግብፅ፣ ግማሹ ኡጋንዳ፣ ግማሹ መተማ ማዶ ተበትነዋል። አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን ጠይቁልኝ፦ ባቡሩን በየትኛው ዓመት ተሳፈሩት? የት ወረዱ? የድሮ ትኬት ወይም ጣቢያው ላይ የተነሡት ፎቶ ያላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የማንንም ስም አላወጣም።