ፊደላችንና የዘመኑ መኪናዎች

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ በእጅ ስልክ የሚጻፈውን አማርኛ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ያገኛል። አንደኛው በገዛ ፊደላችን የተጻፈው ነው፤ ሁለተኛው ግን ቃሉ የአማርኛ ሆኖ ፊደሉ የላቲን ነው። ይህን ሁለተኛውን ወጣቶች ከስንፍና ወይም የባዕድን ነገር ከመውደድ የተነሣ ያመጡት ነው እያሉ የሚወቅሱ አያሌ ሰዎች አሉ። እኛ ግን ነገሩን ከታሪክ አንጻር ስንመረምረው ወቀሳው ሁሉ በወጣቶቹ ላይ ሊወድቅ የሚገባው ሆኖ አላገኘነውም። ወጣቱ የጻፈው መኪናው በፈቀደለት መጠን ነው፤ መኪናው የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን የወሰኑት ግን ሥራቸውን ሲጀምሩ ሀ ሁ የሚባል ነገር በሐሳባቸው ያልነበረ የሩቅ አገር መሐንዲሶችና ኩባንያዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ፊደላችን ከመኪና ጋር በመጀመሪያ የተገናኘው በአገር ውስጥ አይደለም። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው በሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ግእዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በዚያው ከተማ አሳተመ። ይኸው ሰው ቋንቋውን የከለዳውያን ነው ብሎ መሰየሙ ፈገግ የሚያሰኝ ቢሆንም ሥራው ግን ትልቅ ሥራ ነው። ከእርሱም በኋላ በ1548 እና በ1549 አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። በእርሳስ ፊደል ለሚሠራ ማተሚያ ቤት የፊደል ብዛት ወጪና ድካም ያበዛ እንደ ሆነ እንጂ ሥራውን የሚከለክል ነገር አልነበረም፤ ፊደሉ በበዛ ቍጥር የፊደል ማስቀመጫውን ሣጥን ማስፋት ይበቃልና።

ችግሩ የመጣው ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው። ከአርባ ጥቂት በሚበልጡ ቍልፎች ሠላሳ ሦስቱን ፊደል ከነሰባት ቤቱ፥ ይኸውም 231 መልክ፥ ዲቃላዎቹ ሳይቈጠሩ እንዴት አድርጎ ማስፈር ይቻላል? ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ብልኆች የፊደሉን አካልና የቅጥያውን ምልክት ለየብቻ እየመቱ በማገናኘት መንገድ አበጁለት። በእነዚህ መኪናዎች የተጻፉትን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች ያየ ሁሉ የካዕቡና የሣልሱ ምልክት ከፊደሉ ጎን እንደ ተለጠፈ ሆኖ የሚታይበትን መልክ ያስታውሳል። ከጠላት ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፊደልን ስለ ማሻሻል በተደረገው ክርክርም ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ሀን ከሐና ከኀ፥ ሰን ከሠ፥ አን ከዐ፥ ጸን ከፀ ጋር አንድ እናድርግና መኪናው ይቅለልልን የሚሉ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ ሰው ለመኪና ይሠራል ወይስ መኪና ለሰው ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ ሳይቈረጥ መኪናው ራሱ ተለወጠ።

በ1963 በአሜሪካ አስኪ የተባለው የፊደላት ቍጥር ሥርዐት ታወጀ። ኮምፒዩተር ቍጥር እንጂ ፊደል አያውቅምና ለእያንዳንዱ ፊደል ቍጥር መስጠት ያስፈልግ ነበር፤ የተሰጠውም የቍጥር ቦታ በጠቅላላው 128 ብቻ ነበር። ለእንግሊዝኛ ከበቂ በላይ ነው። በኋላ ቦታው ወደ 256 ሲሰፋ የአውሮፓ ቋንቋዎች ጥቂት ጥቂት አገኙ። የእኛ ፊደል ከዲቃላዎቹ፥ ከሃያዎቹ የግእዝ አኃዞችና ከሥርዐተ ነጥቦቹ ጋር ሲቈጠር ግን በዚህም አይገባም።

እንዲህም ቢሆን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዶክተር አበራ ሞላን፥ አቶ ፍሥሓ አጥላውንና ሌሎችንም የመሰሉ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን በኮምፒዩተር ማስጻፍ ቻሉ። የላቲኑን ቍጥር ተውሰው የእኛን ፊደል መልክ አለበሱት፤ አንዱ ዝርዝር ሲሞላም የቀረውን በሁለተኛ ዝርዝር አኖሩት። ነገር ግን ቪዥዋል ግእዝ ቢሆን፥ ፓወር ግእዝ ቢሆን፥ ሌላም ቢሆን እያንዳንዱ የራሱን ቍጥር ስለ ሰጠ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የተላከ ሰነድ ሲከፈት ትርጕም የሌለው የተቀላቀለ የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። ላኪው አማርኛ ጻፍሁ ይላል፤ ተቀባዩ አንድም ፊደል አያይም። የባቢሎንን ግንብ ታሪክ በኮምፒዩተር ላይ ያየነው በዚያን ጊዜ ነው።

ከዚህ ድንግርግር ያወጣን ዩኒኮድ ነው። በ1991 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው የዩኒኮድ ማኅበር ዓላማው በዓለም ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ፊደል የማይለወጥ አንድ ቍጥር መስጠት ሲሆን፥ የኢትዮጵያ ፊደል በመስከረም 1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ገባ። የተመደበለት 384 ቦታ ሲሆን በመጀመሪያ የተሞላው 345 ነበር። በ2005፥ በ2010 እና በ2021 ደግሞ ለሰባት ቤት ጉራጌ፥ ለብሊን፥ ለጉሙዝና ለሌሎችም ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ፊደላት ተጨመሩ። የተሻሻለው ፊደል ደጋፊዎች ሊቀንሱ ያሰቡትን ሐና ኀን፥ ሠና ፀን ይህ አዲስ ሥርዐት ሁሉንም ተቀበላቸው። ይህን ስንጽፍ ግን አንድ ነገር ልንሸሽግ አይገባም፤ በዚህ ማኅበር ውስጥ ድምፅ የሚሰጡት ከፍተኛ መዋጮ የሚከፍሉት አባላት ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል እንደ ማይክሮሶፍት፥ አፕልና ጉግል ያሉት ታላላቅ ኩባንያዎች ይገኛሉ። የአንድ ሕዝብ ፊደል በንግድ ቤቶች ስብሰባ ቦታ ማግኘቱ መልካም ሆኖ ሳለ፥ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር በታሪክ መኖሩን እንጃ።

ቍጥር ማግኘት ብቻውን ግን ወጣቱ እጅ አያደርሰውም። በእጅ ስልክ የሚላከው አጭር መልእክት ከ1992 ጀምሮ በዓለም ሲሠራበት የኖረ ነው። አንዱ መልእክት የሚይዘው 1120 ቢት ነው። ቢት ማለት አንድ ወይም ዜሮ የሚጻፍበት የመጨረሻው ትንሽ ቦታ ነው። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ አንዱ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ የእኛ ፊደል 16 ቢት ስለሚፈልግ 70 ብቻ ይይዛል። የሚያስገርመውም ከ160ው የላቲን ፊደል መካከል አንድ የአማርኛ ፊደል ብትገባ መልእክቱ በሙሉ በ16 ቢት ይቈጠራል። በርግጥ ፊደላችን አናባቢውን በውስጡ ስለሚይዝ ቃሉ ያጥራል፤ ሰላም እንዴት ነህ የሚለው በእኛ 9 ፊደል፥ በላቲን ግን 13 ነው። በሁለቱም ላይ ሁለት ክፍት ቦታ ጨምረን ብናሰላው የእኛ 70 ፊደል የ95 ያህሉን የላቲን ፊደል ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ይህም ሆኖ ከ160 እጅግ ያንሳል፤ ትርፉም በላኪው ሒሳብ ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ስልኮች የእኛን ፊደል አያውቁትም ነበርና መልእክቱ የደረሰው ሰው የሚያየው ባዶ ባዶ አራት ማዕዘን ነበር። እንግዲህ ተማሪው ለጓደኛው በላቲን ቢጽፍ በምን ይፈረድበታል?

ኋላ ነገሩ ተቃለለ። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው የማይክሮሶፍት ቪስታ ኒያላ የተባለ የፊደል መልክ ይዞ መጣ፤ ዘመናዊዎቹ ስልኮችም ተከተሉ። ልማድ ግን ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ይኖራል። በፊደላችን የሚጽፈውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው የላቲኑን ቍልፍ ነው፤ ሰ እንድትወጣለት በመጀመሪያ ተነባቢዋን፥ ቀጥሎም አናባቢዋን ይነካል። በየኔታ ፊት ግእዝ ካዕብ እያለ በዜማ የተማረ ልጅ የማያውቀው መከፋፈል ነው። ሁለት ነጥብ በቃላት መካከል መቅረቱ ከእጅ ስልክ በፊት የጀመረ ቢሆንም አራት ነጥብን በሁለት የላቲን ሁለት ነጥቦች መተካት ግን የዚህ የቍልፍ ገበታ ሥራ ነው።

ከዚህ ይልቅ መምህራንን ሊያሳስብ የሚገባው የፍለጋው ነገር ነው። ሰው ዛሬ የሚፈልገውን ነገር የሚያገኘው መጽሐፍ ገልጦ ሳይሆን ቃል ጽፎ መኪናውን በመጠየቅ ነው። መኪናው ደግሞ ቍጥር ከቍጥር ጋር ያመሳክራል እንጂ ድምፅ አይሰማም። ፀሐይ የሚለውን ቃል እንመልከት። የመጀመሪያው ፊደል በፀ ወይም በጸ፥ ሁለተኛው በሀ፥ በሃ፥ በሐ፥ በሓ፥ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ስለሚችል አንዱ ቃል አሥራ ሁለት መልክ አለው። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት እንዲያስተባብር አስቀድሞ ያልተዘጋጀ መኪና እነዚህን እንደ አሥራ ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ይቈጥራቸዋል፤ ፈላጊውም የተጻፈው ነገር እያለ የለም ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ሊቃውንት የተከራከሩበት ጕዳይ በሌላ በር ተመልሶ መጥቶአል። እኛ እንደሚመስለን መፍትሔው ፊደል መቀነስ ሳይሆን የታወቀውን አጻጻፍ በትምህርት ቤት አጽንቶ ማስተማርና ለመኪናውም ሞክሼዎቹን ማስተዋወቅ ነው። ሥርወ ቃሉን የሚያሳይ ፊደል ከጠፋ በኋላ አይመለስምና።

የኩባንያዎቹ መኪናዎች አማርኛን በሚገባ አለማወቃቸው ያመጣው ጕዳት በፍለጋ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የጉግል ትርጕም አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው። በ2021 ፍራንሲስ ሆገን የተባለች የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርባ ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም አንሥታለች፤ በዚያ ጊዜ የወጡት የኩባንያው ሰነዶችም ጥላቻን የሚያነሣሣ ጽሑፍን የሚለየው መኪና ለአገራችን ቋንቋዎች ያልተዘጋጀ እንደ ነበረ አሳይተዋል። ጽሑፉ በአማርኛና በኦሮምኛ በሰፊው ሲሠራጭ ጠባቂው ቋንቋውን አያነብም ነበር ማለት ነው። በጦርነቱ ዘመን ስለ ደረሰ ጕዳት በታኅሣሥ 2022 በናይሮቢ ክስ ቀረበ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በሚያዝያ 2025 ጕዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ካሊፎርኒያ የተቀመጠ ኩባንያ በአፍሪካ ፍርድ ቤት ይጠየቅ አይጠየቅ የሚለው ክርክር ከፊደል ጕዳይ የራቀ ይመስላል፤ ሥሩ ግን በመጀመሪያ ያየነው የ1963ቱ የቍጥር ዝርዝር አጠገብ ነው፤ ለእንግሊዝኛ የተሠራው ለሌላው የሚደርሰው ዘግይቶ ነውና።

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ዝርዝሮች የተጻፉ ሰነዶች፥ አንዳንዶቹም በቀጫጭን ዲስኮች ላይ እንዳሉ፥ ተቀምጠዋል። ወረቀታቸው በእሳት ወይም በምስጥ ከጠፋ የቀረው ይኸው ነው። አሮጌውን ቍጥር ወደ አዲሱ የሚመልሱ ፕሮግራሞች ለአንዳንዶቹ ዝርዝሮች አሉ፤ ለሌሎቹ ግን የትኛው ቍጥር የትኛው ፊደል እንደ ሆነ የሚያውቁት በዚያ ዘመን የጻፉት ጸሓፊዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል። እነዚህን ሰዎች ጠርቶ ዝርዝሩን በወረቀት ማስጻፍ ለአንድ መዝገብ ቤት የጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው።